ሊቀመንበሯና የቅዳሜ ሹሩ እንቁላል

ዶሮ ጡረታ የላትም ያለ ሰው እኛ ግቢ አልመጣም። አላት። ውሳኔውን የምታስተላልፈው ምራቴ ናት፤ የሽኝት ፕሮግራሙም ሽንኩርት በመክተፍ ይጀመራል።

እኔ ራሴ ጡረታ ከወጣሁ ሰንብቻለሁ። ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የአለቆችን ደብዳቤ ስጽፍና ስህተታቸውን ሳርም ኖሬ፣ ዕድሜዬ ሲደርስ ኬክ ቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው፣ «ምን ጊዜም በራችን ክፍት ነው» ብለው ሸኙኝ። ከወር በኋላ ሰላም ልበላቸው ብዬ ብሄድ ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝ። ዶሮ ግን ስትሰናበት ጋቢ ቀርቶ የለበሰችውንም ይነጩባታል። ከዚህ አንጻር ሲታይ እኔ በክብር ነው የተሸኘሁት፤ ማጉረምረም አይገባኝም።

ግቢያችን ካዛንቺስ ነው፣ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ጀርባ። ሆቴሉ ከመምጣቱ በፊት እኛ ነበርን፤ አሁን ግን እንግዶቹ ከላይ በረንዳ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩን ለእነሱ መዝናኛ የተቀመጥን ይመስላቸዋል። ፎቶ ያነሱናል። ዶሮዎቼ በስንት አገር ሰው ስልክ ውስጥ እንዳሉ እግዚአብሔር ይወቅ። ድሮ አውራ ዶሮ ነበረን። አንድ ቀን ከሆቴሉ ክራባት ያሰረ ልጅ መጣና በትሕትና «እማማ፣ እንግዶቻችን በሌሊት መነሳት አልለመዱም» አለኝ። እኔም እንግዳ አክባሪ ነኝ፤ አውራውን ለገና በላነው። እንግዶቹም እንቅልፋቸውን አገኙ።

ከዚያ ወዲህ የዶሮ ቤቱን የምትመራው አንዲት አሮጊት ገብስማ ዶሮ ናት። ሊቀመንበሯ እላታለሁ። ጥሬ ሲበተን ቀድማ የምትለቅም እሷ፣ ውኃ ሲቀዳ ቀድማ የምትጠጣ እሷ፣ ቆጡ ላይ ነፋስ የማይነካውን ጥግ የምትይዝ እሷ ናት። ሁለት ባልንጀሮች አሏት፤ እነሱም አርጅተዋል፣ ከኋላዋ እየሄዱ እሷ የጫረችውን መልሰው ይጭራሉ። ምክትሎቿ ናቸው። በምላሹ ሊቀመንበሯ ሰማዩን ትጠብቃለች። የአሞራ ጥላ ግቢው ላይ ሲያልፍ ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ታወጣለች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከውኃ ታንከሩ ሥር ይገባሉ። ስብሰባ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። እኔ በሠራሁበት ቤት እንዲህ ያለ የሥራ ቅልጥፍና አላየሁም።

ሊቀመንበሯ እዚህ ቤት የገባችው ልትበላ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከስምንት ዓመት በፊት ለፋሲካ ሊያርዳት ከገበያ አመጣት። የሴት ዶሮ ስብ ወጥ ያጣፍጣል ብሎ ነው። ቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ ቢላዋውን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ልጃችንም ዶሮዋን ሊይዝለት ተከተለው። ሲመለሱ እሱ ዶሮዋን በአንድ እጁ ታቅፎ፣ ልጁ ደግሞ እንቁላል ይዞ ነበር። «ጥላለች» አለኝ ባለቤቴ። «የምትጥል ዶሮ አላርድም። ነውር ነው።» እንቁላሉን ተቀብዬ አየሁት፤ ነጭ፣ ትልቅ፣ መዳፌን የሚሞላ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበሯ ያንን የሚያህል ጥላ አታውቅም። የጣለችው ሁሉ የሐበሻ እንቁላል ነው፣ ሎሚ የምታህል። የመጀመሪያው የድንጋጤ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቢላዋ ያየች ዶሮ ያላትን ሁሉ ትሰጣለች።

ያንን ፋሲካ በበሬ ሥጋ አለፍነው። አንድ ነገር ብቻ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። በየዓመቱ ስንገድፍ የመጀመሪያዋን ጉርሻ የሚሰጠኝ ባለቤቴ ነበር፤ ያን ጠዋት ግን «ዛሬ አንቺ አጉርሺኝ» ብሎ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ። ዕድሜ ያሞላቀቀው መስሎኝ አጎረስኩትና አኮረፍኩ። ሕመሙ የታወቀው ከክረምቱ በኋላ ነው። የሚቀጥለውን ፋሲካ አልደረሰበትም።

የሊቀመንበሯን ታሪክ ግን እኔ በየዓመቱ እናገረዋለሁ፤ ለዘመድ፣ ለእድርተኛ፣ ለቆጣሪ አንባቢ ሳይቀር። ከአጥራችን ወዲያ ሱቅ ላላት ጎረቤቴማ ስንት ጊዜ እንደነገርኳት አላስታውስም። ስነግራት ሁልጊዜ ፈገግ ትልና አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ወደ መደርደሪያዋ ትዞራለች። ትሕትና ነው እል ነበር።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ችግር የሆነብኝ የበዓል ዋዜማ ነው። በእኛ ወግ ሴት አታርድም። ሴት ዶሮዋን ገንፍላ፣ ላባዋን ነጭታ፣ አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ፣ በሎሚና በጨው ሺህ ጊዜ አጥባ፣ ወጡን ሌሊቱን ሙሉ ስታማስል ብታድር ማንም አይከለክላትም። አንዲት አንገት መቁረጥ ግን አትችልም፤ ለዚያ ሱሪ ያስፈልጋል። በበዓል ዋዜማ ዶሮና ቢላዋ ይዘው በራቸው ላይ ቆመው አላፊ ወንድ የሚጠብቁ ሴቶችን ያላየ ሰው ይህን ከተማ አያውቀውም። እኔም ቆሜአለሁ። ልጄ እቤት ውስጥ እያለ። ልጄ ኮምፒውተር ፈታትቶ ይገጥማል፤ ዶሮ ቢላዋ ሥር ስትሆን ግን ድንገት ስልክ ይደወልለታል።

ባለፈው ዓመት አገባ። ምራቴ መልካም ልጅ ናት። ይህን የምለው አሽሙር አይደለም፤ ሌላው ሁሉ አሽሙር ነው። ወሎ ሰፈር አካባቢ ቢሮ ትሠራለች፣ ማታ ስትመጣም ቤት ውስጥ መሥራቷን አታቆምም። ከመጣች ጀምሮ ለእኔ የምትመኝልኝ አንድ ነገር ነው፤ እረፍት። «እማዬ እርስዎ ይረፉ» ብላ ማማሰያውን ከእጄ ወሰደች። «ይረፉ በቃ» ብላ የጓዳውን ቁልፍ ወሰደች። የመብራት ክፍያውን በስልክ አደረገችው፣ ወረፋ ላይ የማገኛቸውን ጓደኞቼን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። እረፍቴ እየበዛ ሲሄድ ቀኑን ሙሉ የምቀመጥበት ወንበር ብቻ ቀረኝ። ወንበሩና የዶሮ ቤቱ። ጠዋት ጥሬና ፉርሽካ መስጠት፣ ውኃ መቀየር፣ ሲመሽ ቆጥ ላይ መቁጠር፤ በዚህ ቤት እኔ ካልሠራሁት የማይሠራ ያ ብቻ ነበር።

በሁዳዴ መካከል ምራቴ ካርቶን ታቅፋ መጣች። ካርቶኑ ጮኸ። ስድስት ቄቦች ነበሩ፣ ገና መጣል የጀመሩ፣ የፈረንጅ ዘር፣ ቀያይ፣ ላባቸው ከልብስ መሸጫ የወጣ የሚመስል።

«እማዬ፣ የእርስዎዎቹ አርጅተዋል፤ ማለቴ እንቁላል ስለማይሰጡ» አለችኝ። «እነዚህ በየቀኑ ነው የሚጥሉት።»

«በጾም?» አልኳት።

«እነሱ አይጾሙም።»

ይህ እውነት ነው። በሁዳዴ እኛ እንቁላል አንቀምስም፣ ዶሮ ግን አታቋርጥም። የተትረፈረፈውን ከአጥር በላይ ለጎረቤቴ እሸጥላታለሁ፣ እሷ ሙስሊም ስለሆነች ሱቋ ጾማችንን አያውቅም፤ የቀረው ለፋሲካ ፍሪጅ ውስጥ ይደረደራል።

ካርቶኑን እኩለ ቀን ላይ ግቢው መካከል ልትከፍት ስትል «ቆይ» አልኳት። «አዲስ ዶሮ መጀመሪያ በሽቦ ተለይታ ትተያያለች። ከዚያ ሲመሽ፣ ዓይናቸው ሲጨልም፣ ቆጥ ላይ ከነባሮቹ ጎን ታስቀምጫታለሽ። ጠዋት አብረው ሲነሱ ድሮም አብረው የነበሩ ይመስላቸዋል።»

«ቪዲዮው ላይ ዝም ብለው ነው የለቀቋቸው።»

«ቪዲዮው ላይ ያለው ግቢ ምን ያህላል?»

የእኛ ግቢ አንድ ሚኒባስ ቢገባበት ሾፌሩ የሚወርድበት በር አይከፈትም። ካርቶኑ ተከፈተ።

ሊቀመንበሯ አልቸኮለችም። ቀስ ብላ መጣች፣ ስድስቱን ዞረች፣ ከዚያ እያንዳንዷን አናቷ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ነቆረች። መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል ማስከፈት ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ሰው ቦታውን ያውቃል፣ ሥራ ይቀጥላል። ግቢው ሰፊ ቢሆን የተነቆረችው ሸሽታ ነገሩ ያበቃ ነበር። መሸሻ የለም። የጥሬው ሳህንም አንድ ነው። አንዷ ቄብ ሳህኑ አጠገብ ተያዘችና አንገቷ ደማ፤ ዶሮ ደግሞ ደም ስታይ ዘመድ አትለይም፣ የገዛ እህቶቿ ሳይቀሩ ወረዱባት። አወጣኋት፣ ቁስሏን አጥቤ ቀዩ እንዳይታይ ጥላሸት ቀባሁላት፣ ሁለተኛ ሳህን ከወዲያ ጥግ አስቀመጥኩ። አቅመ ደካማ ሁሉ ፊቷን ሳያዩባት እንድትበላ ሁለት ሳህን ያስፈልጋል። ይህ ለሰውም ይሠራል።

ምራቴ ግን ጥፋተኛዋን አግኝታለች። «ቡሊ እያደረገቻቸው ነው» አለች ሊቀመንበሯን እያየች። «ታይም አውት ያስፈልጋታል።»

ታይም አውት ማለት ቅርጫት ነው። ሊቀመንበሯን ወጥ ቤቱ ጥግ ቅርጫት ደፋችባት፤ ለቀናት እዚያው ሰነበተች። ዋናዋን ስታነሺ ቤቱን ማን ይይዘዋል ብዬ ጠየቅሁ። «እማዬ፣ ስትረስ አይሁኑ፣ ይረፉ» ተባልኩ።

ስትለቀቅ ሥልጣኗ አልቆ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እሷ በልታም ቆጫት። ወደ ሳህኗ ልትጠጋ ስትል መጀመሪያ የነቆሯት ምክትሎቿ ናቸው። ቄቦቹ እንኳ እነሱን አይተው ነው የደፈሯት። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው በዚህ አይደነቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ውስጥ ማን ከማን እንደሚበልጥ የሚያውቅ ጠፋ፤ ጠዋት አንዷ ትነግሣለች፣ ከሰዓት ሌላዋ ታወርዳታለች፣ መሐል ላይ ላባ ይበናል። ሊቀመንበሯ የአሞራ ጥላ ስታይ አሁንም ድምፅዋን ታሰማለች። ቄቦቹ ግን የተፈለፈሉት በማሽን ነው፣ እናት ነግራቸው አታውቅም፤ አንገታቸውን አንጋደው አሞራውን እንደ ቱሪስት ያዩታል።

ሊቀመንበሯም ላባዋን መጣል ጀመረች። ያረጀች ዶሮ ጭንቀት ሲበዛባት እንዲህ ትሆናለች፤ ላባ ስትጥል ደግሞ እንቁላል አትጥልም፣ ሁለቱን ባንድ ላይ አትችልም። ጀርባዋ ተራቆተ። ከሆቴሉ በረንዳ ፎቶ የሚያነሷትም ቀሩ።

በሕማማት ዋዜማ እራት ላይ ምስር እየበላን ምራቴ ነገሩን አነሳችው። «ግቢያችን ውስጥ ዶሮ እያለ ለፋሲካ ዶሮ እንገዛለን? ያቺ ገብስማዋ ፕሮዳክቲቭ አይደለችም፤ ማለቴ፣ ለእሷም እረፍት ነው።»

እረፍት የሚለውን ቃል ስሰማ የጠቀለልኩትን ትሪው ላይ መለስኩት። «የማይጥል ሁሉ የሚታረድ ከሆነ» አልኩ፣ «እኔም ከጣልኩ ቆይቻለሁ።»

«ውይ እማዬ፣ እርስዎ ደግሞ» ብላ ሳቀች፤ ከልቧ ነው፣ ቀልድ መስሏት። ልጄን አየሁት። እንጀራው ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ይቆጥራል። ከዚያ ቀና አለና፣ ሚስቱ ፊት መሆኑ ነው መሰለኝ፣ «እኔ አርዳታለሁ» አለ። የማደርገው ጠፋኝ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው እንዲህ ነው፤ ሁሉም በፍቅር፣ ሁሉም በፈገግታ፣ አንገት ብቻ ይጎድላል። ያቺ ዶሮ ከሄደች ያ ቅርጫት ለእኔ እንደሚተርፈኝ ተሰማኝ። ፈራሁ። ፈራሁ የምለው ፈርቼ ነው፣ ለማሳመር አይደለም።

ቅዳሜ ሹር ደረሰ። ቤታችን በጠዋቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር፤ ምራቴ በዚህ ቤት የመጀመሪያዋን የዶሮ ወጥ ልትሠራ ነውና ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሳችው። ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ቄጤማ አናቱ ላይ አስሮ መጣ። ሊቀመንበሯ ከጠዋት ጀምሮ እግሯ ታስሮ ጓሮ ቅርጫት ሥር ናት። ሄጄ አየኋት። ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች። ከዚህ በፊትም በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ቦታ፣ እንዲሁ ታስራ ነበር። ያኔ ያዳናት ነገር አሁንም ያድናታል ብዬ አሰብኩ፤ እሷ ባትችል እኔ እችላለሁ።

ምራቴ ወጡ ላይ ስታጎነብስ ጠብቄ ፍሪጁን ከፈትኩ። የጾሙ እንቁላል በየመደዳው ተደርድሯል። እጄ የደረሰበትን አንዱን አንስቼ በነጠላዬ ሸፈንኩ፣ ጓሮ ሄድኩ፣ ቅርጫቱን ከፍ አድርጌ ከሊቀመንበሯ ሆድ ሥር ከተትኩ። ዶሮዋ ቅር ብሏት ነቆረችኝ። ምስጋና እንዲህ ነው። ከዚያ ወንበሬን አምጥቼ፣ እንዳረፈ ሰው እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ልጄ ቢላዋውን ይዞ መጣ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ቢላዋው ላይ ያለው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ይዘላል። ቅርጫቱን አነሳ፣ ዶሮዋን ሊይዝ ጎንበስ አለ፣ እንደጎነበሰም ቀረ።

«እንቁላል አለ» አለ።

ምራቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ወጣች። «የምን እንቁላል?»

«ጥላለች» አልኩ፣ ለአገር ጉዳይ የተጠራ ምስክር ይመስል።

ምራቴ እንቁላሉን አነሳች። አገላበጠችው። ቄቦቹን ካመጣች ወዲህ እንቁላል ታውቃለች፤ የሐበሻዎቹ ነጣ ያሉ፣ ትንንሾች፣ የእሷ ቄቦች ቡናማ፣ ትልልቆች ናቸው። እኔም ይህን ካወቅሁ ስንት ዘመኔ። ፍሪጁ ፊት ግን አንጎሌ አብሮኝ አልነበረም።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ቡኒ ነው» አለች።

«ዕድሜ ሲገፋ ይጠይማል።»

«ቀዝቅዟል።»

«አሮጊት ናት። ሙቀት ከየት ታምጣ?»

እንቁላሉ ከፍሪጅ ወጥቶ ፀሐይ ሲያገኘው ላብ አውጥቶ ነበር። ምራቴ በሽርጧ ጠረገችውና ባሏን አየች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ዶሮዋም አልዳነች፣ ክብሬም ተሰበረ። ማፈር ጀመርኩ።

ልጄ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሳቀ፣ ግን ሳቁ መሐል ላይ ተበላሸ። «አባዬ እንኳ አሙቆ ነው ያመጣው» አለ።

«ምኑን?» አልኩ።

«እንቁላሉን። በኪሴ አምጥቼለት እሱ ደግሞ በእጁ ይዞ አሞቀው። እማዬ፣ ያኔ አልጣለችም እኮ። ከአጥር ወዲያ ካለችው ሱቅ ነው የገዛሁት፣ እሱ ልኮኝ።»

ወደ ቢላዋው እያየ ቀጠለ።

«ሊያርዳት ሲል እጁ እምቢ አለው። ተንቀጠቀጠበት። ሁለቴ ሞከረ፣ ቢላዋው ከእጁ ወደቀ። እኔ ልረድ ብለው አይሆንም አለኝ፤ አንተ ካረድክ ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች አለ። ከዚያ ሂድና እንቁላል ይዘህ ና አለኝ። ለእናትህ እንዳትነግራት፣ በዓሏን አታበላሽባት አለኝ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ውሸት ሳወራ ትቶኝ የሄደ ሰው ላይ ተናደድኩ። ነጭ፣ ትልቅ እንቁላል፤ የሱቅ እንቁላል መሆኑን ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን። ጎረቤቴ ወደ መደርደሪያዋ ስትዞር የምትደብቀው ሳቅ ነበር፤ ወይም ሌላ ነገር። ከዚያ ንዴቱ የሚቆምበት ቦታ አጣ።

«የትኛው እጁ ነው?» አልኩት።

«ቀኙ።»

«ዛሬ አንቺ አጉርሺኝ» ያለኝ በማግስቱ ጠዋት ነው። መሞላቀቅ አልነበረም፤ ሕመሙ ጀምሮት ነበር። ጉርሻው አፌ ሳይደርስ እንዳይወድቅበት ነው፣ እኔም እንዳላይ ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጦ፣ እጁን ጭኑ ሥር ደብቆ፣ ብቻውን ፈርቷል። እኔ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጬ አኮረፍኩ። ይህን ሳስብ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ፣ መነሳትም አቃተኝ።

ልጄን ቀና ብዬ አየሁት። ቢላዋው አሁንም በቀኝ እጁ ነው፣ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ፍርሃት ነው አልኩ ለራሴ። ዶሮ አርዶ የማያውቅ ሰው ነው፣ ፍርሃት ነው። ልቤ ግን አልሰማኝም።

ምራቴ መጥታ ቢላዋውን ከእጁ ወሰደች። «ሱፐርማርኬቱ ሳይዘጋ ሂድ» አለችው። «የታረደ ዶሮ ይዘህ ና።» ከዚያ እንቁላሉን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ጨመረች፣ ጎንበስ ብላ የሊቀመንበሯን እግር ፈታች፣ «የምትጥል ዶሮ አይታረድም» አለች። ፊቷ ላይ ሳቅ ፈልጌ አላገኘሁም። ቅድም እንዳልኩት መልካም ልጅ ናት።

አመሻሽ ላይ ወጡን ለአፍታ ትታ ጓሮ መጣች። «ሲመሽ ነው አይደል ያሉት፣ ቆጥ ላይ?» አለችኝ። የስልኳን መብራት ልታበራ ስትል አጥፊው አልኳት። በጭላንጭል ሊቀመንበሯን አንስተን ከሁለት ቄቦች መካከል አስቀመጥናት። ተንጫጩ፣ ተጠጋጉ፣ ዝም አሉ። ዛሬም አለች። ሊቀመንበርነቱ አልተመለሰላትም፤ ሥልጣን እንደዚያ አይመለስም። ወንበሯን አንዷ ቀይ ቄብ ይዛዋለች። ላባዋ ግን በቅሏል፣ ሁለተኛው ሳህን የእሷ ሆኗል፣ የአሞራ ጥላ ሲያልፍ ድምፅዋን ስታሰማ ደግሞ ቀይዋ ራሷ ቀድማ ታንከሩ ሥር ትገባለች። አማካሪ ሆናለች ማለት ነው። የጓዳው ቁልፍም ለእኔ አልተመለሰም፤ ቆጥ መቁጠሩ ግን የእኔ ነው፣ ምራቴም ስትቆጥር እየተሳሳተች ትጠይቀኛለች።

ወደዚያ በዓል ልመለስና፣ በማግስቱ የፋሲካ ዕለት ጠዋት ገበታ ቀረብን። ዶሮው የሱፐርማርኬት ነው፣ አጥንቱ እንኳ ውኃ ውኃ ይላል። ወጡን ግን ምራቴ አሳምራዋለች፤ ይህንንም ሳልወድ እመሰክራለሁ። ልጄ ጠቀለለና «እማዬ፣ አፍሽን ክፈቺ» አለኝ። ሁለቱም ፊቴን ያያሉ፣ ወጡ ይጣፍጣት ይሆን ብለው። እኔ የማየው እጁን ነበር፤ ቀኝ እጁን። ከትሪው እስከ አፌ ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት። አልተንቀጠቀጠም። ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም። ዋጥኩና «ጨው ያንሰዋል» አልኳቸው፤ አላነሰውም ነበር።